ቦራ ሰንጋ የተባለ ዕለት

«አንድ ሰው ነበረ፤» አሉ ሽማግሌው አሰልጣኝ። የጠየቀቻቸው የእግር ኳስ ቡድናቸው የክንፍ ተጫዋች እታገኝ ናት። ተጫዋች መራጮች «ቀልጣፋ ነሽ፤ ግን ሚጢጢ ነሽ፤ ክብደት ጨምሪ» ብለው መልሰዋት፣ «ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ብጨምር ይበቃኛል?» አለቻቸው። ይህ ጥያቄ ሰልችቷቸዋል። ቢሆንም ሜዳው ዳር ቁጭ ብለው ቀጠሉ።

ሰውዬው ገበሬ ነው። ዳልቻና ቦራ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩት። ቦራ ትንሽ ነው፤ ጎድኑ ይቆጠራል። ፈር ይዞ ሲሄድ ግን ጅራፍ አያስነሳም፤ ዳር ሲደርስም «ተመለስ» ሳይሉት ይዞራል።

ጎረቤቶቹ ጎድኑን እንጂ ፈሩን አላዩለትም። «በሬህን ነፋስ እንዳይወስድብህ እሰረው» እያሉ አፌዙ። ገበሬው ሁለት ዓመት አብሯቸው ሳቀ፤ በሦስተኛው ሰለቸው። ሰው ሲሰለቸው ደግሞ የማያምንበትን ያደርጋል። አዝመራው እንደገባ ቦራን ግርግም ላይ አስሮ ፋጉሎና አተላ ይቀልበው ጀመር። ለዳልቻ ያው ገለባ ነው። በጋው ሳያልቅ የቦራ ጀርባ ተዘረጋ፣ ጎድኑ ጠፋ። ጎረቤቶቹም በረቱ ደጃፍ ቆመው «አሁን ገና በሬ ሆነ!» አሉ። ገበሬው ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው።

ዝናብ ጣለ፤ ጠመዳቸው። ቀንበሩ ወደ ቦራ አጋደለ። አሥር ዙር ሳይሄዱ ቦራ አረፋ ደፈቀና ተንበረከከ። ዳልቻ የሁለቱን ሥራ ሲጎትት ጫንቃው ተላጠ። ገበሬው በቦራ ላይ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጅራፍ አነሳ፤ እጁ እምቢ አለውና መልሶ አወረደው።

ያን ጊዜ አንዱ ጎረቤት በእርሻው ዳር ሲያልፍ ቆመና፣ «ይህን ሰንጋ ለመቼ ነው ያሰብከው?» አለው።

ገበሬው እርፉን ለቆ ፈሩ ላይ ቁጭ አለ። በቦራ ላይ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም። በሬ ይታረስበታል፤ ሰንጋ ይታረዳል። ስሙን የለወጠበት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ የገዛ እጁ ነው።

ዝናቡ አልጠበቀውም። ዳልቻን ከሌላ ሰው በሬ ጋር ለማጣመድ ቅንጃ ገብቶ የመሬቱን እኩሌታ አረሰ፤ እኩሌታው ጦም አደረ። ቦራ ለመስቀል ቅርጫ ገባ። ገበሬው የደረሰውን የሥጋ መደብ በቅጠል ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደ። ልጆቹ በሉ፤ እሱ አልቀመሰውም።

አሰልጣኙ ወደ እታገኝ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ገበሬው እኔ ነኝ። ቀጭን አጥቂ ነበረኝ፤ የሰው ፌዝ ሰልችቶኝ ብላ ብላ እያልኩ አወፈርኩት። ጉልበቱ አልቻለውም። ጨዋታ ካቆመ ስንት ዓመቱ፤ እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ክብደት አያስፈልግም አልልሽም። ተከላካይ በትከሻ ሲገፋሽ መቆም አለብሽ። ያ ክብደት ግን ቀንበር ስር እየሠራሽ የሚመጣ ነው፤ ግርግም ላይ ታስረሽ አይመጣም። ስለዚህ ስንት ኪሎ አትበዪኝ። የጨመርሽውን ይዘሽ እንደ ድሮሽ መስመሩን ከበረርሽበት፣ ያንቺ ነው። ካዘገየሽ አንድ ኪሎም በዝቷል። ጨምሪ ያለሽንም ሰው ለምን ሥራ እንደሆነ ጠይቂው። ገበሬ በሬውን በፈር ነው የሚለካው፤ በኪሎ የሚለካው ሉካንዳ ነው።»