«በሚገባ ተረድቻለሁ»

ፕሮፌሰር አስናቀ ለሁለተኛው ዙር ጥናት ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሲመጡ ከሥነ ምግባር ኮሚቴ የተላኩ አንዲት ታዛቢ አብረዋቸው ነበሩ። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ የዚያን ቀን ለሁሉም ሰው ፈገግ ይሉ ነበር።

ተራው የአንዲት በቆሎ ጠባሽ ሆነ። ልጇን ታቅፋ ተቀመጠችና፣ «አምና ከልጄ ደም ወስዳችሁ ነበር። ምን ተገኘባት? ይኸው እስከ ዛሬ ከሰል ትበላለች፤ ትንሽ ከሮጠች ይደክማታል» አለች።

«ውጤቱማ በትልቅ መጽሔት ታትሟል» አሉ ፕሮፌሰሩ ከረባታቸውን እያስተካከሉ።

«ለእኔስ?»

«ስሚኝ እናቴ፣ ይሄ ሳይንስ ነው። እኔ ራሴ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬበታለሁ። ብነግርሽም አይገባሽም።»

ቀጥለው አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ አወጡና በአንድ ትንፋሽ አነበነቡላት። ሲጨርሱ የቀለሙን ሳጥን አስጠጉላት።

«በይ፣ አውራ ጣትሽን እዚህ ላይ።»

«ምን ይላል መጨረሻው?»

«‹የተነገረኝን ሁሉ በሚገባ ተረድቼ ፈቅጃለሁ› ነው የሚለው። ካልፈረምሽ ልጅሽ ከጥናቱ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ውጤት ብለሽ እንዳትመጪ!»

ታዛቢዋ ቀና አሉ።

ሴትየዋ የቀለሙን ሳጥን ቀስ አድርጋ ወደ ፕሮፌሰሩ መለሰችው።

«አሥራ አንድ ገጽ በሚገባ የተረዳች ሴት ‹ልጅሽ ይህ አለባት› የሚል አንድ መስመር ያቅታታል? ወይ ውጤቱን ይንገሩኝ፣ ወይ ደግሞ ‹ይህቺ ሴት ምንም አይገባትም› ብለው እዚሁ ይጻፉና ከሥሩ የራስዎን ጣት ያሳርፉበት።»