ገመዱን ማን ለካው?

አንድ ንጉሥ በሚገዛው አገር እመት ዘርትሁን የሚባሉ የቁጥር ሊቅ ነበሩ። በቤተ መንግሥት «ሴት ከቁጥር ጋር ምን አገናኛት?» የሚል አልጠፋም ነበር። እሳቸው ግን ጨረቃ የምትጨልምበትን ቀን አስቀድመው ተናግረው፣ ጨረቃዋም በቀኗ ስትጨልም ተናጋሪው ሁሉ አፉን ያዘ። ወንዝ ሳይሻገሩ ስፋቱን፣ ዛፍ ላይ ሳይወጡ ቁመቱን መናገር ይችሉ ነበር። ከሁሉ በላይ ስማቸውን ያስጠራው ግን የመሬት ልክ ነው።

ከእሳቸው በፊት የዚያ አገር ሰው ማሳን የሚለካው ዙሪያውን በመዞር ነበር። ዙሪያው እኩል ከሆነ መሬቱም እኩል ነው ይባላል። ታዲያ ብልጡ ወንድም ሰፋ ያለውን ማሳ ይይዛል፣ የዋሁ ረጅሙንና ቀጭኑን ይወስዳል፣ ሁለቱም በእኩል ተካፈልን ብለው ተመራርቀው ይለያያሉ። የዋሁ የሚነቃው እህሉ አውድማ ላይ ሲወርድ ነው። እመት ዘርትሁን በሁለቱ ማሳዎች ላይ ቁርበት በቁርበት አስነጠፉ። ዙሪያቸው እኩል የነበሩት ማሳዎች አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ቁርበት በላ። «ዙሪያውን ተዉት፤ ቁመቱን በወርዱ አባዙት» አሉ። ገበሬው ማባዛት ባያውቅም ቁርበት መቁጠር ያውቃልና ገባው።

ንጉሡ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ለካ ሲያሳስበው የኖረ ነገር ነበረ። ድሮ አያቱ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እኩል መሬት በክንድ ለክቶ ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ድንበር እየገፋ የመንግሥቱን መሬት በልቶብኛል ብሎ ይጠረጥራል። አገር ምድሩን በክንድ መለካት ዕድሜ ይፈጃል። እመት ዘርትሁን ለዚህም መላ አላጡም። በክረምት፣ ደጋው ላይ ባለው ግቢያቸው፣ ከቤታቸው ደፍ እስከ ወይራው ግንድ ድረስ መቶ ክንድ ለኩና በዚያው ልክ ከበሬ ቆዳ የጠፍር ገመድ አስገመዱ። በዚያ ገመድ አገሩን ሊያዳርሱ ተነሡ።

የንጉሡ አዋጅ ጠንካራ ነበር። ከድርሻው በላይ የያዘ ትርፉ ይወሰድበታል። «ድንበር አልገፋሁም» ብሎ ምሎ ገመዱ ካጋለጠው ደግሞ በሐሰት የማለ ይባላል። በዚያ አገር በሐሰት የማለ ሰው ለሽምግልና አይጠራም፣ ምስክርነቱ አይሰማም፣ ድግስ ቢኖር ብቻውን ከበር ላይ ይቀመጣል። ከሞት አይሻልም።

መለካቱ ተጀመረ። በክረምት ደጋው ተለካ። ቆላውን በክረምት የሚደፍር የለም፣ ንዳድ የሚሉት የወባ ትኩሳት አለ፤ ስለዚህ የቆላው ተራ በበጋ ሆነ። ደገኛው ሁሉ ልኩን ይዞ ተገኘ። ቆላ ሲወረድ ግን ጉድ ፈላ። ገመዱ ያረፈበት ማሳ ሁሉ ትርፍ ወጣው። ከአሥር ማሳ አንድ ማሳ ያህል እየተቆረሰ ለንጉሡ ወታደሮች ተሰጠ። «ደገኛ እውነተኛ፣ ቆለኛ ቀማኛ» የሚል ተረት ያን ጊዜ ወጣ። ልጆች እየዘፈኑ ከብት ያግዱበት ጀመር። ሰው ለስድብ መቼ ይሰንፋል?

አያ ዳምጤ የሚባሉ የቆላ ሽማግሌ ነበሩ። የአገሩ ጠብ ሁሉ በእሳቸው አፍ የሚበርድ፣ ቃላቸው እንደ ማኅተም የሚታይ ሰው ናቸው። መሬታቸው ሊለካ ሲል ባለቤታቸው አጠገባቸው ቆመው፣ መንደሩም ተሰብስቦ፣ «አባቴ ካቆመልኝ ድንበር አንድ ስንዝር አልገፋሁም» ብለው ማሉ። ገመዱ ተዘረጋ። ትርፍ አለ። አያ ዳምጤ እንደገና ይለካልኝ አሉ፤ ተለካ፤ ያው ሆነ። ሰዉ ወደ እመት ዘርትሁን ዞረ። እሳቸውም ያለ ክፋት፣ እንደሚያምኑበት፣ «ሰው ይዋሻል፤ ገመድ አይዋሽም» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አያ ዳምጤን ለሽምግልና የጠራ የለም። እመት ዘርትሁን ግን ወደ ከተማ ሲመለሱ ንጉሡ ካባ ደረበላቸው፣ የለኪዎች ሁሉ አለቃ አደረጋቸው።

ዘመን አለፈ። አንድ ግንቦት ላይ ገመዱ አርጅቷልና ሌላ በልኩ ይገመድ ተባለ። እመት ዘርትሁን አሮጌውን ከደፋቸው እስከ ወይራው አስዘረጉት። አልደረሰም። አምስት ክንድ ያህል ጎደለ። ደንግጠው መሬቱን ራሱን በክንድ ለኩት፤ መቶ ክንድ ነው። እንግዲህ የተጠረጠረው፣ ሲለኩ ገመዱን የሚዘረጋላቸው ገመድ ጎታች ሆነ። ለጫማው ጠፍር ቆርጦ ወስዷል ብለው ጠየቁት። ሰውየው አልነካሁም ብሎ ማለ። አላመኑትም፤ ከሥራው አባረሩት። ገመዱም እዚያው ደጅ ላይ እንደተዘረጋ ከረመ።

ሰኔ ገባና መዝነብ ጀመረ። አንድ ማለዳ እመት ዘርትሁን ከቤት ሲወጡ ዝናብ ያራሰውን የገመድ ጫፍ አዩት። ስበው ወጠሩት። ወይራው ጋ ደረሰ።

እሳት ዳር አድርቀው ለኩት፤ አጠረ። ውኃ ነክረው ሳቡት፤ ረዘመ። ቆዳ ሲደርቅ እንደሚኮማተር የማያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም፤ ከበሮ የወጠረ፣ አልጋ የጠፈረ ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ገመዳቸው ግን ቆዳ መሆኑን ረስተውት ነበር። በእርጥብ ወራት የተገመደ ገመድ በደጋው ክረምት ልኩን ይናገራል፤ በቆላ በጋ ግን ይኮማተራል። ያጠረ ገመድ ደግሞ ማሳው ላይ ብዙ ጊዜ ይዘረጋል፣ ብዙ ጊዜ የተዘረጋበት መሬት ትርፍ ይመስላል። ቆለኛው አልሰረቀም ነበር። አያ ዳምጤም እውነት ነበር የማሉት።

ገመድ ጎታቹን በማግስቱ አስጠርተው ይቅርታ ጠየቁትና ወደ ሥራው መለሱት። ለአንድ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው። ለአንድ አገር ሲሆን ግን ይከብዳል። ዛሬ እነግራለሁ ይላሉ፤ እስቲ አንድ ጊዜ ልፈትነው ብለው ይተዉታል። ንጉሡ እንግዳ አለበት ይላሉ። ወንዙ ሞልቷል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ካባውን ማጣት ፈሩ። የእድሜ ልክ ሥራቸው በአንድ ቃል የሚናድ መሰላቸውና ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ዝም አሉ።

በመጨረሻ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ንጉሡ ፊት ቀርበው ሁሉንም ተናገሩ። ንጉሡ ፊቱ ተለወጠ። ቃሉ ወጥቷል፣ ወታደሮቹ መሬቱ ላይ ጎጆ ቀልሰዋል። ሰዎቹን ከአዳራሹ አስወጣና፦

«ይህን ነገር ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አለ?» አላቸው።

«አለ፣ ጃንሆይ።»

«ማነው እሱ?»

«በእውነት ምለው ሐሰተኛ የተባሉት ሰውዬ ያውቃሉ። እኔ ሳላውቅም እሳቸው ያውቁ ነበር» አሉ እመት ዘርትሁን።

ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክብሩን ግን ይወዳል። መሬቱ ይመለስ ብሎ ፈረደ። ነገር ግን የተሳሳተው ዙፋኑ እንዳይመስል እመት ዘርትሁን ካባቸውን አውልቀው፣ ያለ አጃቢ፣ በራሳቸው አፍ ለቆላው ሰው እንዲናገሩ አዘዘ። ንዳዱ እስኪያልፍ ጠብቂ አላቸው። እሳቸው ግን መጠበቅስ ይብቃኝ ብለው በማግስቱ ተነሡ።

በገበያ ቀን ቆላ ደረሱ። በሰዉ ፊት መቶ ክንድ ለክተው በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ተከሉ። ደረቁን ገመድ ዘረጉት፤ ሁለተኛው ድንጋይ ጋ አልደረሰም። ወንዝ ነክረው ዘረጉት፤ ደረሰ። «የዋሸው ገመዱ ነው፤ ገመዱን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ አያ ዳምጤ ያሉበትን ጠየቁ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ከሰው ተለይተው፣ ብቻቸውን ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። እመት ዘርትሁን ሄደው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አያ ዳምጤ ክንዳቸውን ያዟቸው።

«ተይ እመት፣ ተነሺ። መሬቱ ይመለሳል። ስሜም ይኸው ዛሬ በአደባባይ ተመለሰልኝ። ባለቤቴ ግን ባሏ በሐሰት የማለ ሰው ነው ብላ አምና ሞተች። ለእሷ ማን ሄዶ ይንገርልኝ?» አሉ።

«መቼ ነው ያረፉት?»

«በነሐሴ።»

እመት ዘርትሁን እንደ ደረቀ እንጨት ቆሙ። በነሐሴ ነገሩን ያውቁ ነበር። በሰኔ፣ ወንዙ ገና ሳይሞላ፣ መንገዱ ሁለት ቀን እንኳ በማይፈጅበት ጊዜ፣ ያውቁ ነበር። ይህን የሚያውቅባቸው ሰው ግን እዚያ ገበያ ላይ አልነበረም። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም።

«አያ ዳምጤ፣ እኔ በሰኔ አውቄው ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ» አሉና አለቀሱ።

አያ ዳምጤ ዱላቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰዉም ለእመት ዘርትሁን ማደሪያ የሰጣቸው እያመነታ ነው። ሲነጋ የመጀመሪያውን ማሳ በረጠበው ገመድ እንደገና ሊለኩ ሲወጡ የገመዱን ሌላ ጫፍ የሚይዝላቸው አጡ። አያ ዳምጤ መጡ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። ጎንበስ ብለው ጫፉን ያዙና «እስቲ ሳቢው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሁሉ፣ በየገበያው፣ መቶ ክንድ የተራራቁ ሁለት ድንጋዮች ተተከሉ። መሬት ለኪ የሰው ማሳ ከመርገጡ በፊት በባለቤቱ ፊት ገመዱን በድንጋዮቹ መካከል ዘርግቶ ያሳያል። እመት ዘርትሁን ካባቸው አልተመለሰላቸውም። ስለ ጨረቃውና ስለ ወንዙ የሠሩት ሥራ በሊቃውንት ዘንድ ይነገራል፤ ገበሬው የሚያስታውሳቸው ግን ይህን ልማድ ስላቆሙለት ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ ሁላችንም ሰው የምንለካበት ገመድ አለን። አንዱ በአስተዳደጉ ይለካል፣ ሌላው በትምህርቱ፣ ሌላው ከሰው በሰማው። ገመዳችን የተገመደበትን አየር እንረሳና ሌላ አየር ውስጥ ያለውን ሰው «ከልኩ አልፏል» እንላለን፤ ያጠረው በእኛ እጅ ያለው ገመድ መሆኑን አናይም። ስለዚህ በሰው ከመፍረድህ በፊት መለኪያህን ለካው። ተሳስቶ ካገኘኸው ደግሞ ዛሬውኑ ተናገር፤ ይቅርታ ሲዘገይ የሚሰማው ሰው ቀድሞ ሊሄድ ይችላልና።

አንተስ፣ እውነቱን ካወቅህ በኋላ ወንዙ እስኪጎድል እያልህ የምታስጠብቀው ሰው የለም?