ሶፋው፣ በርጩማዋና መቆሚያ ያጡት ሽማግሌዎች

ተረቴ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት! አንተ እግርህን ሰብስብ፣ አንቺም ጠጋ በዪላት። ተቀመጠች? እንግዲያው ጆሮ ስጡኝ።

ዱሮ ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ድስት ከክዳኑ ሲጣላ ጎረቤት በሚሰማበት ዘመን፣ ወይዘሮ ይመናሹ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ደምሰው፣ ልጃቸው አያልነሽ ይባላሉ። ቤታቸው አንድ ሳሎን ብቻ ነበረው። የሚበሉትም፣ የሚጫወቱትም፣ እንግዳ የሚቀበሉትም እዚያው ነው።

በሳሎኑ መሃል አንዲት በርጩማ ትኖር ነበር። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር ናት። አቶ ደምሰው ጫማቸውን የሚያወልቁት እሷ ላይ ነው። ይመናሹ የልጃቸውን ጸጉር የሚሠሩት እሷ ላይ ተቀምጠው ነው። አያልነሽ ራሷ ቆማ መሄድ የተማረችው እሷን ይዛ ነው። ስለዚህ በርጩማዋ፣ «ይህችን ልጅ ሳልድር ማገዶ አልሆንም!» ትል ነበር።

አንድ ቀን ወሬ መጣ። ከወንዝ ማዶ ያለው ይርዳው፣ አያልነሽ ስሙ ሲጠራ ጆሮዋ የሚቀላለት ልጅ፣ እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። አያልነሽ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ይመናሹ ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይ ጉዴ! በዚህ ባዶ ቤት?» አሉና ገበያ ሄደው ሶፋ ገዙ።

ሶፋው ለሦስት ሰው ቢሠራም ትዕቢቱ የስድስት ሰው ነበር። በበሩ አልገባም ብሎ መዝጊያው ተነቅሎለት ገባ። ገና ላስቲኩ ሳይገፈፍ በርጩማዋን አየ።

«እሜቴ፣ ይቺ ማን ናት?»

«በርጩማችን ናት፤ ከአማቴ የወረስናት።»

«እኔና እሷ ጎን ለጎን? ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ?»

ይመናሹ አፈሩ። በርጩማዋን አንስተው ከበሩ ኋላ ሸጎጧት።

ወለሉ ከሥር፣ «ኧረ ጎኔን! እኔንስ የሚያስበኝ የለም?» አለ።

«አንተ መረገጫ፣ ዝም በል!» አለው ሶፋው።

ሶፋው ደግሞ ብቻዬን አላምርም አለ። ቡፌ ተገዛች። ሆዷ በብርጭቆ የተሞላ፣ አንዱን ግን ለማንም የማታስነካ ናት።

«እሜቴ፣ እኔ ፊቴን ወደ በሩ ካላዞርኩ ብርጭቆዬን ማን ያይልኛል? ይቺንም ከበሩ ኋላ አውጡልኝ። በሩ ከሷ ጋር በተጋጨ ቁጥር ሆዴ ይንሿሿል።»

በርጩማዋ በረንዳ ወጣች።

«ኧረ ጎኔን! እኔንስ የሚያስበኝ የለም?» አለ ወለሉ።

«አንተ መረገጫ፣ ዝም በል!» አሉት ሶፋውና ቡፌዋ።

ቡፌዋ በተራዋ፣ ብርጭቆዬ ቢወጣ በምን ላይ ይቀመጣል አለች። ባለመስታወት ጠረጴዛ ተገዛ። መሃል ላይ እግሩን አንሰራፍቶ ቆመና በመስኮት ወደ በረንዳው አየ።

«እሜቴ፣ እንግዳ ገና ሲመጣ ይቺን ያያል። ከእንጨቱ ጋር ጣሏት። እሷስ እንጨት አይደለች?»

ይመናሹ ትንሽ አመነቱ። ኋላ ግን፣ «ይሁን! ሽማግሌዎቹ እሺ ከተባሉ የእሑድ ወጥ ይሠራባታል» አሉ። በርጩማዋ ማገዶው ክምር ላይ ተወረወረች።

«ኧረ ጎኔን!» አለ ወለሉ። ድምፁ ግን ከጠረጴዛው ሥር ታፍኖ አልተሰማም።

ማታ አቶ ደምሰው ገቡ። ገቡ ማለት ያስቸግራል፤ በሩ ላይ ተሰነቀሩ።

«አንቺ ሴት፣ ሰው በየት ይለፍ?»

«በጎን ይለፉ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ በጎን በጎን መሄድ ለመደ። ሶፋው እንዳይቆሽሽ ተብሎ ራቱም ግቢው ውስጥ ባለው ወጥ ቤት ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። እንደ ልቡ የሚያልፈው ውሮ ድመቱ ብቻ ነበር። እሱም ከሶፋው ሲባረር እየመጣ በርጩማዋ ላይ ይተኛል።

«አይዞሽ» ይላታል።

«እኔ መቃጠሉን አልፈራሁም። አያልነሽን ሳልድር መቃጠሉ ነው የሚያንገበግበኝ» ትለዋለች።

እሑድ ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

እንግዲህ ታውቃላችሁ፤ ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ከተቀመጠ ሰላም ሊል ነው የመጣው እንጂ ሊለምን አይደለም። ይመናሹ ይህን ያውቁ ነበር። ግን ስለ መቀመጫው ሲጨነቁ መቆሚያውን ረሱት።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ሲገቡ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ። ሁለተኛው፣ አቶ ሸዋረጋ፣ በጎን ገቡ። ሦስተኛውና ትልቁ፣ አቶ ምህረቱ፣ ደፉ ላይ ቀሩ።

«ተቀመጡ እንጂ!» አሉ አቶ ደምሰው፣ እንደ ደንቡ።

«የመጣንበትን ሳንፈጽም አንቀመጥም!» አሉ አቶ ምህረቱ፣ እሳቸውም እንደ ደንቡ። ይህን ብለው ቢገቡ የመጀመሪያውን ገፉ። የመጀመሪያው አቶ ሸዋረጋን ገፉ። አቶ ሸዋረጋ «ወይኔ!» ብለው ሶፋው ውስጥ ተዘረገፉ። እግራቸው ወደ ላይ፣ ከዘራቸው ወደ ቡፌዋ!

«ተቀመጡልኝ!» ብሎ ሶፋው በደስታ አቀፋቸው። ቢጎትቷቸው አይለቅም።

አቶ ምህረቱ ፊታቸው ጠቆረ። «በቃ፣ ነገር ተበላሸ። ከተቀመጡ ወዲያ ልመና የለም። ጉዳያችንን ሳንናገር ገና ከጅምሩ ተዋረድን። እንሂድ!»

አቶ ሸዋረጋን በስንት መከራ ነቅለው አወጡና ሦስቱም ወደ ግቢው በር አቀኑ። አያልነሽ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ነጠላዋን ነክሳ አለቀሰች። ይመናሹ ደግሞ የሚገቡበት ጠፋቸው።

ውሮ ሮጦ ማገዶው ላይ ወጣና ያየውን ሁሉ ለበርጩማዋ ነገራት። በርጩማዋ አላስቻላትም።

«አባቶቼ፣ ቆዩኝ! አንድ ጥያቄ አለኝ!»

ሽማግሌዎቹ ዘወር አሉ። አቶ ደምሰውም ከቤት ወጡ።

«ይህች ግንድ ምን ትላለች?» አሉ አቶ ምህረቱ።

«አባቴ፣ ስለ ሌላው አላውቅም፤ ስለ መቀመጥ ግን እኔን ይጠይቁኝ። ሰው ሲቀመጥ መጀመሪያ ጉልበቱን ያጥፋል። ቀጥሎ ልብሱን ይሰበስባል። በመጨረሻ እፎይ ይላል። እኚህ አባት ጉልበታቸውን አጠፉ?»

«የት ጊዜ አገኘሁና!» አሉ አቶ ሸዋረጋ።

«ጋቢዎን ሰበሰቡ?»

«ጋቢዬማ ራሴ ላይ ነበር።»

«እፎይስ አሉ?»

«ኧረ ወይኔ ነው ያልኩት!»

«እንግዲያው ወደቁ እንጂ አልተቀመጡም። የወደቀን ሰው ደግሞ እኔን ይሉታል እንጂ ሂድ አይሉትም።»

አቶ ደምሰው ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኔን! እኔን!» እያሉ የአቶ ሸዋረጋን ጋቢ አራገፉ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ግቢው ሰፊ ነውና ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ፤ ለይርዳው አያልነሽን ጠየቁ።

አቶ ደምሰው ቀጠሮ ሊሰጡ ነበር፤ ደንቡ ነው። ግን የልጃቸውን ዓይን አዩት፣ አሁንም እንባ አለበት።

«አንዴ የጣልኩትን ሽማግሌ ዳግም አላመላልስም። ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

«እዚህ! እዚህ!» ብሎ ሶፋው ከውስጥ ጮኸ።

አቶ ምህረቱ ወደ ቤቱ አዩ፣ ወደ ማገዶው አዩ። በርጩማዋን በእጃቸው አውርደው አቧራዋን ጠረጉላት። ጉልበታቸውን አጠፉ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እፎይ!» አሉ።

ይመናሹ ይህን ሲያዩ አለቀሱ። «የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ» ብለው በርጩማዋን ሳሟት። በማግስቱ ጠረጴዛው ለጎረቤት ተሸጠ፣ ቡፌዋ ጥግ ያዘች፣ ሶፋው ላስቲኩ ተገፍፎ ግድግዳ ተጠጋ። በሰርጉ ቀን ልጆች ላዩ ላይ ሲዘሉ በልቡ ደስ አለው፤ አፉ ግን አላመነም። ወለሉማ፣ «ርገጡኝ! ኧረ ርገጡኝ!» እያለ ሲጨፈርበት አደረ። በርጩማዋ ከሙሽራዋ ጎን ነበረች።

ቤት በዕቃ ሲሞላ ባለቤቱ ደጅ ይቆማል። ተረቴ ተነሳች፤ እናንተም እግራችሁን ዘርጉ።