የወይዘሮ ዘርፌ ኮምፒውተር የታደሰ ዕለት

በቢቸና ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች፣ የለመደውን ይዞ ደህና የሚሠራ ነገር ካላደስኩ ብሎ የሚጣደፍ ሰው ሲያዩ የሚጠቅሷት አንዲት አባባል አለች። ከሰማይ አልወረደችም፤ የተገኘችው ከወይዘሮ ዘርፌ ጠረጴዛ ነው።

ዘርፌ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላው ኮምፒውተሯ የአገሩን ክስ ሁሉ የጻፈች ሴት ናት። ኮምፒውተሩ ጠዋት ለመነሳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ አንዳንዴም ጎኑን መታ መታ ካላደረጉት አይነቃም። ቢሆንም ጠባዩን ስለምታውቀው ተቻችለው ኖረዋል። አንጀቷን ያሳረራት ከጎኗ የምትጽፈው የሺወርቅ አዲስ ኮምፒውተር ማምጣቷ ነበር። ያ ገና ቁልፉን ሲነኩት ቦግ ይላል። እናም የሺወርቅ ለቅሶ የሄደች ዕለት፣ ዘርፌ ስትመለስ ጉድ ላሳያት ብላ ጠጋኙን ልየውን አስጠራችው።

ልየው ማሽኑን አገላብጦ አየና ሲስተሙ እንዳረጀ፣ አፕዴት ቢደረግ ግን እንደ አዲስ እንደሚሆን ነገራት። ብቻ አስቸኳይ ጽሑፍ ካለ አስቀድሞ ቢታተም ይሻላል አላት። አስቸኳዩ ጽሑፍ ደግሞ ከነባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። አባ ይርዳው የሚባሉ ገበሬ፣ ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ መሬታቸውን ወስዶባቸው፣ ተፈርዶባቸውም፣ ይግባኝ የሚሉበት የመጨረሻው ቀን ያ ዕለት ነው። ይግባኙ ተጽፎ አልቋል፤ ሦስት ጊዜም ተነቦላቸዋል። የቀረው ማተም ብቻ ነበር።

«አትሚልኝና ልሂድ፣ ልጄ» አሏት።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ አባ። ሲታደስ አሳምሮ ያወጣልዎታል» አለችና ልየውን በል ጀምር አለችው።

ማሽኑ አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ እያለ መቁጠር ጀመረ። አባ ይርዳው አጠገቡ ተቀምጠው አብረውት ቆጠሩ። ሠላሳ ላይ ሲደርስ ምሳቸውን በልተው ተመለሱ፤ እሱ ግን አሁንም ሠላሳ ላይ ነው። መቶ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። ያልቃል አላቸው ልየው። እንዲህ ከሆነ እኔም አብሬው አልቃለሁ አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቶ ሞላ። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ሰማያዊ ባሕር ተንጣሎ ሲታይ ዘርፌ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ይግባኙን ስትከፍተው ግን በፊደሉ ቦታ ጭረት፣ መስቀልና የፈረንጅ ፊደል ተደባልቆ ተደርድሯል። ልየው ራሱን እያከከ፣ የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ከአዲሱ ሲስተም ጋር እንደማይሠራ ነገራት። ማተሚያውንም ስንት ዓመት አብሮት እንዳልኖረ፣ ማሽኑ ጨርሶ አላውቀውም አለ።

አባ ይርዳው ተጠግተው አዩ። «ይኼ ነው ይግባኜ?»

ዘርፌ ግራ ቀኙን አማተረች። የሺወርቅ ኮምፒውተሯን ቆልፋበት ሄዳለች፤ ሌላ ጸሐፊ ጋ እንዳይሄዱ ሁሉም ጋ ወረፋ ነው። በራሷ ቅናት የሰው መሬት ሊጠፋ መሆኑ ሲገባት የዘርፌ ዕንባ መጣ።

«ቃሉ እኔ ዘንድ አለ። ሦስቴ አንብበሽልኛል» አሉ አባ ይርዳው። «ብቻ አንቺ እስክሪብቶ ያዢ።»

እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ ያወርዱታል፤ እሷ ትጽፋለች። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች።

«‹ይህ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሌባ› የሚል አልነበረበትም፣ አባ።»

«አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ከጻፍሽ አይቀር ጨምሪው።»

አልጨመረችውም። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሮጠው ደረሱ። ሠራተኛው የእጅ ጽሕፈቱን እያገላበጠ አነበበ። በመጨረሻ ማኅተሙን መታበት።

ሲመለሱ ልየው እዚያው ተቀምጧል። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ተነስቶ፣ እንደገና ከአንድ በመቶ ጀምሯል። «አይዞሽ እትዬ፣ ቀስ እያለ ይለምዳል» አላት። ዘርፌ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። አባ ይርዳው ግን ዱላቸውን ተደግፈው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩትና እንዲህ አሉ፦ «ላሮጌ በሬ አዲስ ቀንበር፣ ምን ይፈይዳል ሥራ ከማስፈታት በቀር።»