አልለጠፍም ያለችው መብራት

ተረቴን ላምጣው? «አምጪው፣ ግን ጠጠሩን ለቅመሽ!» ካላችሁ፣ እሺ፤ ለቅሜ አመጣሁት።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። እጇ የሚመሰገን፣ ምላሷ የሚፈራ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር። አንድ ነገር አማራት። ወርቅ አይደለም፣ ቪላ አይደለም፤ ምስር የምትለቅምበት ብርሃን አማራት።

የኩሽናዋ መስኮት የሚያየው የጎረቤት ብሎክ ግድግዳ ነው። አምፖሉ የተሰቀለው ከጀርባዋ ነው። ካቢኔቱ ሥር፣ እብነ በረዱ ላይ ሰፌዷን አስቀምጣ ስትቆም፣ የራሷ ጥላ ቀድሟት ሰፌዱ ላይ ይጋደማል። «አምፖል ከሰው ጀርባ የሚሰቅል መሐንዲስ ሽንኩርት እንኳ ከትፎ አያውቅም» ትላለች።

ይሁን ብላ ስትኖር አንድ ረቡዕ ጉድ መጣ። አንደኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ንጋቱ የሚባሉ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ አሉ። ትርንጎ በጾም ቀን ሁሉ አንድ ሳህን ምስር ወጥ ታወርድላቸዋለች። እሳቸውም ሳህኑን አጥበው፣ ሎሚም ይሁን ቃሪያ ጣል አድርገውበት ይመልሳሉ፤ ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ነው ባይ ናቸው። የዚያን ረቡዕ ግን ከምስሩ መሀል አንድ ነገር ጥርሳቸው ሥር ቀጭ! አለ። ሳህኑ ታጥቦ ትርንጎ በር ላይ ተገኘ። ባዶውን አልመለሱትም፤ መሀሉ ላይ አንዲት ቀላ ያለች ጠጠር አስቀምጠውበታል። ሎሚ የለም፣ ቃል የለም።

ትርንጎ ጠጠሯን አገላብጣ አየቻት። ስድብ ቢሆን መልስ አላት። ለጠጠር ግን ምን ይመለሳል?

ሻሿን አስራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች።

«ካቢኔት ሥር የምትለጠፍ፣ እንደ ሪባን የተጠቀለለች መብራት አለች ይላሉ።»

«ኤልኢዲ ነዋ፣ እትዬ! ነጩ ይሁንልዎ ቢጫው?» አለች ሻጯ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ቢጫው ቤቱን ሞቅ ያደርገዋል። ሰው ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው።»

«እኔ መቼ በረደኝ አልኩ?» ትርንጎ ከቦርሳዋ አንድ ጭብጥ ምስር ክክ አውጥታ ባንኮኒው ላይ በተነችው። ያቺን ጠጠርም መሀሉ ደባለቀቻት። «በይ ሁለቱንም ተራ በተራ አብሪልኝ።»

ሻጯ ሳቀች፤ ግን አበራች። በቢጫው ሥር ምስሩ ሁሉ ወርቅ መሰለ፤ ጠጠሯም ወርቅ መስላ ጠፋች። በነጩ ሥር ምስሩ ምስር ሆነ፤ ጠጠሯ ጠጠር ሆና ቁጭ አለች።

«ኧረ ጉድ!» አለች ሻጯ አንገቷን አስግጋ። «ለሳሎን እንጂ ለምስር የገዛ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ሳሎን ጥርስ አይሰብርም፣ የኔ ልጅ። ነጩን ስጪኝ።»

ሻጯ ሪባኗን ከነአዳፕተሯ ጠቀለለችላት። «ማሳጠር ካማረዎት የመቀስ ምልክቷ ላይ ብቻ ይቁረጧት። ሌላው ቀላል ነው፤ የጀርባዋን ወረቀት ልጦ መለጠፍ ብቻ።»

መለጠፍ ብቻ!

ትርንጎ ቤቷ ገብታ የሪባኗን ጫፍ ላጠች፤ ካቢኔቱ ሥር ለጠፈቻት። መብራቷ ዧ ብላ ወርዳ ሻሿ ላይ ተለጠፈች። ነቅላ መለሰቻት። አሁንም ወርዳ ሰፌዱ ውስጥ ገባች፤ ምስሩን እንደ ዶቃ ደርድራ ወጣች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«አልለጠፍም» አለች መብራቷ። «ካቢኔትሽ ቅባት በቅባት ነው።»

መብራት አልለጠፍ፣ ዓይን አላይ፣ ምስር አልለቀም አለ።

ትርንጎ ወደ ካቢኔቱ ዞረች። «ካቢኔት፣ ቅባትህን ልቀቅ፤ መብራቷ ትለጠፍ፣ ዓይኔ ይይ፣ ምስሬ ይለቀም።»

«አልለቅም» አለ ካቢኔቱ። «ይኼ ሁሉ የወጥሽ እንፋሎት ነው፤ እኔ አላመጣሁትም። በሙቅ ውሃ ካልታሸሁ አልለቅም።»

ካቢኔት ቅባት አልለቅ፣ መብራት አልለጠፍ፣ ዓይን አላይ፣ ምስር አልለቀም አለ።

ትርንጎ ቧንቧውን ከፈተችው። «ቧንቧ፣ ፍሰስ፤ ካቢኔቱ ቅባቱን ይልቀቅ፣ መብራቷ ትለጠፍ፣ ዓይኔ ይይ፣ ምስሬ ይለቀም።»

ቧንቧው ፍስስ ብሎ አየር ተነፈሰባት። «አልፈስም። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ባዶ ነው። ከምን አምጥቼ ልፍሰስ?»

ጀሪካኗን አንስታ ነቀነቀቻት። ሥሯ የቀረችው ውሃ ለአንድ ድስት ወጥ ብትበቃ ነው።

ቧንቧ አልፈስ፣ ካቢኔት ቅባት አልለቅ፣ መብራት አልለጠፍ፣ ዓይን አላይ፣ ምስር አልለቀም አለ።

ትርንጎ ጣሪያ ድረስ ወጣች። ታንከሩን በቡጢ መታ መታ አደረገችው፤ ሆዱ ዱም አለ። «ታንከር፣ ሙላ፤ ቧንቧው ይፍሰስ፣ ካቢኔቱ ቅባቱን ይልቀቅ፣ መብራቷ ትለጠፍ፣ ዓይኔ ይይ፣ ምስሬ ይለቀም።»

«አልሞላም» አለ ታንከሩ። «ውሃ እንዳንቺ እግር የለውም፤ ፓምፑ ካልገፋው ደረጃ አይወጣም።»

ታንከር አልሞላ፣ ቧንቧ አልፈስ፣ ካቢኔት ቅባት አልለቅ፣ መብራት አልለጠፍ፣ ዓይን አላይ፣ ምስር አልለቀም አለ።

ትርንጎ ደረጃውን ሁሉ ወረደች። ፓምፑ ከሥር በሽቦ አጥር ውስጥ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። «ፓምፕ፣ ዙር፤ ታንከሩ ይሙላ፣ ቧንቧው ይፍሰስ፣ ካቢኔቱ ቅባቱን ይልቀቅ፣ መብራቷ ትለጠፍ፣ ዓይኔ ይይ፣ ምስሬ ይለቀም።»

«ተቆልፎብኝ እንዴት እዞራለሁ? ቁልፌ ያለው ጋሽ ንጋቱ ጋ ነው። እሳቸው ደግሞ ካመማቸው ወዲህ ብቅ አላሉም።»

የብሎኩ ውሃ የቆመው በሷ ጠጠር ኖሯል! ይኼን ስታስብ አንዲት ጎረቤቷ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ አለፈች።

«እሰይ ትርንጎ! ሙያሽ ለኛም ደረሰን፤ ሁላችንም ሳንታጠብ ዋልን።»

«ወሬሽን ብታፈይው ለገላሽ ይበቃል፤ እለፊ!» አለቻት። አፏ ይኼን አለ እንጂ ፊቷ ቀልቷል።

የጋሽ ንጋቱን በር አንኳኳች። በሩ ገርበብ አለ። ጋሽ ንጋቱ ጉንጫቸውን በሻርፕ አስረዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ንጋቱ?»

«እንደምታዪኝ።»

«ቁልፉን ይስጡኝና ፓምፑ ይዙር፣ ታንከሩ ይሙላ፣ ቧንቧው ይፍሰስ፣ ካቢኔቱ ቅባቱን ይልቀቅ፣ መብራቷ ትለጠፍ፣ ዓይኔ ይይ፣ ምስሬ ይለቀም።»

«ቁልፉ እጄ ላይ ነው» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «እጄ ጉንጬ ላይ ነው። ጉንጬ ጥርሴ ላይ ነው። እኔን ተይኝና ጥርሴን አናግሪው።»

ትርንጎ ጎንበስ አለች። «ጥርስ፣ ይቅር በለኝ።»

«አልልም» አለ ጥርስ፣ በሻርፑ ውስጥ ሆኖ። «የበደለኝ ምስር ነው፤ የሚክሰኝም ምስር ነው። ጠጠር የሌለው ምስር ካልነካኝ ይቅር አልልም።»

ጋሽ ንጋቱ በሩን ሊዘጉ ጀመሩና ቆም አሉ። «ከባለቤቴ ወዲህ ሳልፈራ የምበላው ያንቺን እጅ ብቻ ነበር» አሉ። ከዚያ ዘጉት።

ትርንጎ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣች።

«ምስር፣ ተለቀም» አለች ቤቷ ገብታ። ምስር «ዓይንሽን ጠይቂ» አለ። ዓይን «መብራቷን ጠይቂ» አለ። መብራቷ «አልለጠፍም ብያለሁ» አለች።

መብራት አልለጠፍ ብላ ዓይን አላይ፣ ዓይን አላይ ብሎ ምስር አልለቀም፣ ምስር አልለቀም ብሎ ጥርስ ይቅር አልል፣ ጥርስ ይቅር አልል ብሎ ጋሽ ንጋቱ ቁልፍ አልሰጥ፣ ቁልፍ ጠፍቶ ፓምፕ አልዞር፣ ታንከር አልሞላ፣ ቧንቧ አልፈስ፣ ካቢኔት ቅባት አልለቅ፣ መብራት አልለጠፍ! ነገሩ እንደ መቀነት ዞሮ ጫፉ ከጫፉ ተቋጠረ።

ደጅ ወጥታ ፀሐይ ላይ እንዳትለቅመው፣ ፀሐይ ያለው በጋሽ ንጋቱ መስኮት ሥር፣ የጎረቤት ዓይን ሁሉ በሚያርፍበት ቦታ ነው። እዚያ ሰፌድ ይዞ ከመቀመጥስ ጠጠሯን መዋጥ ይሻላል።

ትርንጎ ግን ክርክር የምታሸንፈው በጩኸቷ አልነበረም። የሰው ቃል የቱ ጋ እንደሚሳሳ ፈልጋ ስለምታገኝ ነው። መብራቷን አንስታ ዓይኗ ሥር አመጣቻት።

«ቆይ እስቲ። ምንድን ነው ያልሽኝ?»

«አልለጠፍም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«አልበራም ብለሻል?»

«እሱንስ አላልኩም።»

«ስምሽ ማን ነው?»

«መብራት።»

«ሥራሽስ?»

«ያው... መብራት።»

«መለጠፍ የሚባል ስም ወጥቶልሻል?»

«አልወጣልኝም» አለች መብራቷ፣ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ።

«ታዲያ ነያ!»

ትርንጎ መብራቷን በሰፌዱ ከንፈር ዙሪያ ጠመጠመቻት። እንዳትላቀቅ በልብስ መቆንጠጫ ቆነጠጠቻት፤ አዳፕተሯን ሶኬቱ ላይ ሰካች። ብልጭ!

የመጀመሪያው የሚገርም ነገር፣ ጥላዋ ጠፋ። ትርንጎ ዞር ብላ ፈለገችው። ከኋላዋ፣ ቅባት የጠገበው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘችው። «አየሽ አይደል?» አለቻት መብራቷን። «እሱ እንኳ ሳያጉረመርም ይለጠፋል።»

መብራት በራች፤ ዓይን አየ፤ ምስር ተለቀመ። አንዲት ጠጠር ወጣች፤ እህቷ ተከተለች፤ የአጎት ልጆቻቸውም ነበሩ። ትርንጎ ሰፌዱን እያዞረች «ይኼን ሁሉ ሳበላቸው ነው የከረምኩት?» እያለች ለቀመች።

ምስሩ ሲያልቅ ጀሪካኗን አየቻት፤ ካቢኔቱንም አየችው። ውሃዋ ለአንዱ ብቻ ትበቃለች። «አንተ ቅባትህን ታቅፈህ ቆይ» አለችው፤ ድስቷን ጣደች።

ያንኑ ሳህን ሞልታ ወረደች። ጋሽ ንጋቱ በር ላይ አስቀመጠችውና አንኳኳች። «ቁልፍ ፈልጌ አይደለም፣ ጋሽ ንጋቱ። ይብሉልኝ ብዬ ነው።» ብላ እልፍ አለችና ደረጃው ማጠፊያ ላይ ተደብቃ ጆሮዋን ጣለች። በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ። እንጀራ ሲበላ ድምፅ የለውም። ትርንጎ ትንፋሿን ይዛ «ቀጭ» የሚል ነገር ጠበቀች። ጠበቀች። «ቀጭ» አልመጣም።

ቤቷ ገብታ ብዙም ሳትቆይ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ሳህኑ ታጥቦ መሬት ላይ ተቀምጧል። መሀሉ ላይ፣ ያቺ ጠጠር በነበረችበት ቦታ፣ ቁልፉ አለ። ከጎኑ አንድ ሎሚ።

እንግዲህ ማን ያቆመው! ምስር ተለቅሞ ጥርስ ይቅር አለ፤ ጥርስ ይቅር ብሎ ጋሽ ንጋቱ ቁልፍ ሰጡ፤ ቁልፍ ተገኝቶ ፓምፕ ዞረ፤ ፓምፕ ዞሮ ታንከር ሞላ፤ ታንከር ሞልቶ ቧንቧ ፈሰሰ፤ ቧንቧ ፈሶ ካቢኔት በሙቅ ውሃና በዚያች ሎሚ ታሸና ቅባቱን ለቀቀ፤ ቅባት ለቅቆ፣ ምስር የተለጠፈበት ጫፍ በመቀስ ምልክቷ ላይ ተቆርጦ፣ ወረቀት ተልጦ፣ መብራት ተለጠፈች። ደግሞ እንዴት ያለ መለጠፍ!

ጋሽ ንጋቱ ሻርፓቸውን ፈትተው ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። ውሃውን የመለሰችውን መብራት ሳያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውማ። እጃቸውን ከብርሃኗ ሥር ዘረጉ፤ ገለበጡት፤ ጥፍራቸውን አዩ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ጠጠር ሁሉ ያሳያል?»

«ያሳያል፣ ጋሽ ንጋቱ። አርብ ምን ላውርድልዎ? ቀይ ይሁን አልጫ?»

ጋሽ ንጋቱ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ነካ ነካ አድርገው አማከሩት።

«ቀይ ይሁን ብሏል» አሉ። «ሳህኑን ግን ሞላ አድርጊው።»

እኔ ተረቴን እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ። መብራቷን አልነካሁም፤ ትርንጎ ገና እየለቀመች ነው።