ሞራው ሲገለጥ

አንድ ሰው ነበረ፤ በሬ መራጭ። ቁጭ በል አንማው፣ መልስህ እዚሁ ውስጥ ነው። እጮኛዬ ወፍራም ናት፣ ዘመዶቼም በሽተኛ ታገባለህ እያሉኝ ነውና ቃሌን ባጥፍ ነውር ነው ወይ ብለህ አይደል የጠየቅኸኝ? እንግዲያው ስማ።

በሰውየው አገር ለፋሲካ ጎረቤት ተሰብስቦ ቅርጫ ሲገባ፣ አንድ በሬ ገዝቶ አርዶ ሊካፈል፣ ገበያ የሚላከው እሱ ነበር። ሻኛውን ጨበጥ፣ ጭራው ሥር ቆንጠጥ ያደርግና «ይኼስ ሞራው ሆዱን አልብሶታል» ይላል። ሞራ መቼም ታውቃለህ፣ ጨጓራና አንጀት ላይ የሚጋረደው ስብ ነው። ብዙ ጊዜ ግምቱ ይይዝለታል። ስለያዘለትም ሰውን እንደ በሬ በዓይኑ የሚያውቅ መሰለው።

ሚስቱ ዳሌዋ ሰፊ፣ ጭኗ የሞላ ሴት ነበረች። እሱ እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነው፤ ከመቀነቱ በላይ ግን ሆዱ ገፋ ብሏል። የራሱን ሆድ የጥጋብ ምልክት ነው ይላል፤ የእሷን ዳሌ በሽታ ነው ይላል። በዚያ ዓመት ወንድሙ በስኳር በሽታ ሞተበትና ፈራ። መፍራቱስ ደግ፣ ሰው ነው ይፈራል። እሱ ግን ፍርሃቱን እሷ ላይ ጫነው። ቅቤ ነሳት፣ እንጀራዋን ቆረሰባት። አልበቃው ብሎ ሽማግሌ ጠራና፣ በደሟ ውስጥ በሽታ አለ፣ አልጋ ላይ ሳትወድቅብኝ ወደ አባቷ ቤት ትመለስልኝ አለ።

የዚያን ቤት ጭቃ አቡክታ ግድግዳውን የመረገችው እሷ ናት። አሁን ርቧት፣ ውሃ ስትቀዳ ዓይኗ ይጨልምባት ጀመር። አንዳንዴም እውነቱን ይሆን እንዴ እያለች ጎኗን ትዳስስ ነበር። ኋላ ግን ተናደደች፤ ንዴቷም አጸናት።

የፋሲካ ለት በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት በሬ ታረደ። አንዱ ባልየው የመረጠው ነው፤ ታፋው የሰባ፣ ሲራመድ ለመሬት የሚከብድ። ሌላው የወንዝ ማዶ ሰዎች ያመጡት ከሲታ ነው፤ ባልየው ገበያ ላይ ለጅብም አይሆን ብሎ ስቆበታል። ሆዳቸው ሲከፈት የእሱ በሬ ሞራ እንደ ነጠላ ሳስቶ ተገኘ። የከሲታው ሞራ ግን እንደ ጋቢ ወፍሮ ጨጓራውን ሁሉ ጠቅልሎታል። ሰው ሳቀ፤ ባልየው አንገቱን ደፋ።

በዚያ አገር ሴት እርድ ቦታ አትቀርብም፤ እሷ ቀረበች። ሁለቱን ሞራ አንጠልጥላ ወስዳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቅጠል ላይ ዘረጋቻቸው።

«አባቶቼ፣ ባሌ ሃያ ዓመት በሬ ሲዳስስ ኖሮ ይኼን አላየም» አለች። «የእኔን ደም ታዲያ በየትኛው ዓይኑ አየው? ጤና ጣቢያ እንሂድ። እሱም ክንዱን ይስጥ። ደሜ ከከሰሰኝ ጓዜን ጠቅልዬ እወጣለሁ። ካልከሰሰኝ ግን ከቤቴ የሚያስወጣኝ የለም፤ እንጀራዬንም ማንም አይቆርስብኝም።»

ባልየው ሊያንገራግር ሲል ትልቁ ሽማግሌ፣ ጤነኛ ነኝ ካልክ ምን አስፈራህ ብለው ያዙት።

በዓሉ ሲያልፍ ሁለቱም በባዶ ሆዳቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ለምርመራ ደም ሰጡ። የእሷ ደም ስኳሩም ስቡም በልኩ ሆኖ ወጣ። የእሱ ስኳር ወንድሙ የሄደበትን መንገድ ጀምሮታል፤ ስቡም ከልክ አልፏል። ሐኪሟ ወገቡን በሜትር ለካችና፣ ሆድ ውስጥ የሚከማች ስብ ጉበት ላይ እየከበደ ደምን እንደሚያበላሽ፣ ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ ያን ያህል እንደማይከፋ አስረዳችው። ገና ጊዜ አለህ፣ ተጠንቀቅ አለችው።

ቤት ሲደርሱ መቀነቱን ፈቶ ተቀመጠ። እሷ ምሳ አቀረበች። እስክትጠግብ በላች። ሽሮውን ለሁለት ከፍላ ሠርታው ነበርና፣ ያለ ቅቤ የተሠራው የእሱ ድርሻ ሆነ።

አንተም አንማው፣ ያ በሬ መራጭ ነህ። የልጅቱን ገላ በዓይንህ ዳስሰህ ደሟን አነበብኩት ትለኛለህ። ውፍረት አይጎዳም አልልህም፤ የጎዳውን ሰው ቀብሬአለሁ። ግን ሞራ በቆዳ አይታይም፤ ከሲታውም ጋቢ የሚያህል ተሸክሞ ይሄዳል። ዘመዶችህ ሲያሟት አፍህን ዘግተህ መስማትህ ነው ነውሩ። ከፈራህ ሁለታችሁም ተመርመሩ፣ ክንድህንም አንተ ቀድመህ ስጥ። አሁን ተነሥና ያንን ቀበቶ ፍታው እስኪ። ከገባህ ጀምሮ በላዩ የተንጠለጠለውን ሆድህን እያየሁት ነው።