ለመልስ የተሰፋው የማር ቀለም ቀሚስ

በእኛ ሰፈር ግንበኛ የጠመመ ግድግዳ አፍርሶ እንደገና ሲያቆም፣ ተማሪ ፈተና ወድቆ ክፍል ሲደግም፣ አዲስ ጎጆ የወጣች ሴት ወጥ አርሮባት ድስቱን ፍቃ እንደገና ስትጥድ የምንላት አንዲት አባባል አለች። ልጆቻችን ከአያት ከቅድመ አያት የወረስናት ይመስላቸዋል። አይደለም። የተነገረችበትን ቀን አውቀዋለሁ። የተናገሯትን ሴትዮም አውቃቸዋለሁ፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነበር።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጋሽ ቢያድግልኝ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸው ያልሰፉት ኮት ኮት አይባልም ነበር። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠል እንጂ ሲለኩበት ያያቸው ጥቂት ሰው ነው። ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየት ያደርጉና ጨርቁ ላይ በሳሙና ስባሪ አስምረው ይቆርጣሉ፤ በቃ። "የጋሽ ቢያድግልኝ እጅ አይስትም" ይባልላቸው ነበር። ሲሞቱ ባለቤታቸው እማማ ጠጅቱ የስፌት መኪናውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ሳሎኑ ጥግ አስቀመጡት። ወንዱ ልጃቸው ምኒችል ግንበኛ ሆኗል። ትልቋ ሴት ልጅ ማንጠግቦሽ ባሕር ዳር አግብታለች፤ ትንሿ ስንዱ ደግሞ መርፌ እንኳ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። መኪናው ወራሽ አጣ።

ምኒችል ያገባት ልጅ ይመኙሻል ትባላለች። ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖሩት። ቃል የማታበዛ ሴት ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች ግን ከእጇ የሚያስጥላት የለም። አንድ ቀን ያንን የተሸፈነ መኪና ስትወለውል ቆየችና፣

"እማማ፣ ይቺን መኪና ልሞክራት?" አለቻቸው።

"ምን ልታደርጊባት?"

"ልብስ መስፋት ልማር።"

"ማን ሊያስተምርሽ? አስተማሪው አፈር ለብሷል።"

"ፓተርን አለኝ" አለች ይመኙሻል። አዲስ አበባ ያለች የአጎቷ ልጅ ልካላት ነበር። ወረቀት ላይ የተነደፈ የልብስ ልክ ነው፤ ፊቱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ እጅጌው ለብቻ። ያንን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ በዙሪያው መቁረጥ ነው።

እማማ ጠጅቱ ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አዩት። የወፍራሙም የቀጭኑም ልክ አንዱ በሌላው ላይ ተሰምሮበት የጉንዳን መንገድ መስሏል። "ቢያድግልኝ በወረቀት ሰፍቶ አያውቅም" አሉና መለሱላት። ቢሆንም አልከለከሏትም።

ምኒችል ከሥራ ሲመለስ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ያመጣላታል። እሷ ከረጢቱን ቀድዳ የውስጡን ንጹሕ ወረቀት ታወጣለች፣ አቧራውን ታራግፋለች፣ መሬት ላይ አንጥፋ የምትፈልገውን መስመር ብቻ ትገለብጥበታለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ከአሮጌ አንሶላ የተቆረጠ የባሏ ሸሚዝ ነበር። ለስፌት የሚተወውን ትርፍ ጨርቅ ረስታ በመስመሩ ላይ ስለቆረጠችው ሸሚዙ ጠበበና ቁልፉ እምቢ አለ። ምኒችል ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ "ደህና ነው፤ እራት ካልበላሁ ይሆነኛል" አላት። ቀጥላ ሱሪ ሞከረች። ሁለቱንም እግር በአንድ ጎን ቆርጣው ስትገጥመው አንደኛው እግር ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን ጠቅልሎ አልጋ ሥር ይከተዋል። ይመኙሻል ግን ምላጯን ይዛ በረንዳ ላይ ትቀመጥና ስፌቱን አንድ በአንድ ትተረትራለች። በረንዳው ደግሞ መንገድ ዳር ነው፤ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ያያታል። ብዙም ሳይቆይ "ተርታሪዋ" የሚል ስም ወጣላት።

"እንዴት አደርሽ ይመኙሻል? ዛሬ ደግሞ ምኑን ነው?" ይሏታል አላፊዎቹ።

"አንገቱን ነው፤ አዙሬ ገጥሜው" ትልና የተበላሸውን አንገት ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች። ሊስቁባት የመጡት ግራ ይገባቸዋል።

እማማ ጠጅቱን ይህ ነገር አንገበገባቸው። የቢያድግልኝ ቤት እኮ ነው። አንድ ቀን እኔ በአጥሩ ወዲህ ልብስ ሳሰጣ ሲናገሯት ሰማሁ።

"ቢያንስ ጓዳ ገብተሽ ተርትሪው፤ በሩንም ዝጊው።"

"ጓዳው ጨለማ ነው፣ እማማ። ክሩ አይታየኝም" አለቻቸውና መተርተሯን ቀጠለች።

እንዲህ እንዲህ እያለች እጇ ተፈታ። ለልጄ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፋችላት፤ ልክክ ብሎ ሆነላት። ለባሏ የማይጠብ ሸሚዝ ደረሰለት። ያም ሆኖ ስሟ ተርታሪዋ እንደሆነ ቀረ።

በዚህ መሀል ስንዱ ታጨች። ለሠርጉ ቬሎ ተከራዩላት፤ ለመልሱ ግን፣ ማለትም የሙሽራው ወገን ወደ ሙሽሪት ቤት መጥቶ ለሚጋበዝበት ቀን፣ ይመኙሻል የሰፋችውን ካልለበስኩ አለች። እናቷ ሊያስጥሏት ሞከሩ። ያ ሁሉ ሰው የቢያድግልኝን ልጅ ሊያይ ሲመጣ ለማጅ የሰፋችው ልብስ እንዴት ይታያል? ስንዱ ግን፣ "እማዬ፣ በአባቴ መኪና ተሰፍቶ ልልበስ። ሌላ ማን አለኝ የሚሰፋልኝ?" ስትል እሺ አሉ።

ጨርቁ የማር ቀለም ያለው ሳቲን ነበር። ሳቲን መርፌ የወጋውን የማይረሳ ጨርቅ ነው። ይመኙሻል መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ሰፍታ ሞከረችው፣ ወረቀቱን አስተካከለች፣ ከዚያ ነው ሳቲኑን የደፈረችው። ከሠርጉ በፊት ስንዱ የቀሚሱን ገላ ለክታው ልክ ሆነ። እጅጌው የተገጠመው ግን እሷ ባሏ ቤት ከሄደች በኋላ ነው። ይመኙሻል እጅጌውን ከገጠመች በኋላ በስፌቱ ዙሪያ የወርቅ ቀለም ጥልፍ ሰፋችበት። መስቀያ ላይ ሲሰቀል የሚያምር ነበር፤ ዓይኔ ምስክር ነው።

የመልሱ ዕለት ስንዱ ረፋድ ላይ መጣች። እኔም ለሥራ ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ። ቀሚሱን ስትለብስ እልልታው ቀለጠ። ማንጠግቦሽ ከባሕር ዳር ለሠርጉ መጥታ ገና አልተመለሰችምና ደስ ብሏት እህቷን አቀፈቻት። ስንዱም ልታቅፋት እጇን ስታነሳ ከትከሻዋ ከፍ አልል አለ። ጨርቁ ጀርባዋ ላይ ተሸበሸበ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ትከሻዋ ታስሯል።

እልልታው ቆመ።

"ምንም የለም" አለች ማንጠግቦሽ ቶሎ ብላ። "ካባ ይደረብበታል። እጇን ዝቅ አድርጋ ትቀመጥ፤ ማን ያያል?"

"እስክስታውስ?" አለች ስንዱ። ጎጃም ውስጥ በመልሷ ቀን ትከሻዋን የማትነቀንቅ ሙሽራ ምን ትባላለች?

ይመኙሻል ሄዳ የእጅጌውን ወረቀት አመጣች። ወረቀቱ የፊቱ ጎን ላይ አንድ፣ የጀርባው ጎን ላይ ሁለት ምልክት አለው። ከቀሚሱ ጋር አስተያየችው። ፊቷ ተለወጠ።

"የቀኙን ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ ገጥሜዋለሁ" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው። አውልቂው ስንዱ፤ ተርትሬ ልግጠመው።"

"አሁን?" አለች ማንጠግቦሽ። "ሰው እየገባ? ሳቲን ተተርትሮ ቀዳዳው ቢቀርስ?"

"ሊቀር ይችላል።"

"ይደርሳል?" ብላ ጠየቀች ስንዱ።

"መድረሱን እንጃ። ግን በመልስሽ ቀን እጅሽ ታስሮ አትውይም።"

ስንዱ አወለቀችው። ይመኙሻል ቀሚሱን ይዛ ወደ በረንዳው ስታመራ ማንጠግቦሽ መንገዷን ዘጋችባት። "እባክሽ ጓዳ ግቢ። አባታችን በዕድሜው ተርትሮ አያውቅም። ዛሬ የሙሽራው ወገን እየመጣ በሱ በረንዳ ላይ የልጁ ቀሚስ ሲተረተር ሊታይ ነው?"

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ብርሃን ያለው እዚያ ነው" አለች ይመኙሻል።

ይኼኔ እማማ ጠጅቱ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሁላችንም የሚቆጡ መስሎን አንገታችንን ደፋን።

"ማንጠግቦሽ፣ ልቀቂያት" አሉ። "አባትሽ ተርትሮ አያውቅም ያለሽ ማን ነው?"

"ሰው ሁሉ ነዋ፣ እማዬ።"

"ሰው ሁሉ በሩ ተዘግቶበት ነበር። እኔ ግን ከውስጥ ነበርኩ። አዲስ ዓይነት ኮት በመጣ ቁጥር ይተረትራል፣ ይሰፋል፣ ደግሞ ይተረትራል። አንዳንዴም እያለቀሰ። እኔ በር እጠብቃለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ጸሎት ላይ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ስንት ልጅ መስፋት ሊማር መጥቶ ስሳሳት ያየኛል ብሎ መለሰው። ለዚህ ነው መኪናው ያለ ወራሽ የቀረው።" ወደ ይመኙሻል ዞሩ። "እኔም በር ጠባቂነቱ ለምዶብኝ አንቺን ዝጊ ስልሽ ኖርኩ። ነይ፤ አንዱን እጅጌ ለኔ ስጪኝ።"

በረንዳው ላይ አጎዛ ተነጠፈ። አማትና ምራት ቀሚሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በሁለት ምላጭ ይተረትሩ ጀመር። "ክሩን አትሳቢው፣ ሳቲኑ ይቆጣል" ይላሉ እማማ ጠጅቱ። "ከውስጥ በኩል እየቆረጥሽ በጥፍርሽ ልቀሚው።" ያን ሁሉ ዘመን ከባላቸው ጎን ተቀምጠው የተማሩት ነገር በእጃቸው ነበር፤ እስከዚያ ቀን ለማንም አላሳዩትም። ጥልፉ ተነሣ፣ እጅጌዎቹም ወጡ። ጎረቤቱ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ያያቸዋል፤ ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። የሙሽራው ወገን ሲደርስም ገና ክር እየለቀሙ ነበር። የሙሽራው አጎት ቆም ብሎ አይቷቸው ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ምኒችል እንግዶቹን ተቀብሎ ጠላውን እያስቀዳ ያጫውታቸዋል፤ ዓይኑ ግን በረንዳው ላይ ነው።

ከዚያ የመኪናው ድምፅ ተሰማ። ይመኙሻል በዚህኛው ጊዜ ምልክቱን ከምልክቱ አጋጥማ በስፒል ያዘችው፤ አማቷም በጣታቸው እየነኩ አረጋገጡላት። ተሰፋ። እማማ ጠጅቱ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገውበት በከሰል ካውያ በእንፋሎቱ ብቻ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። የመርፌው ቀዳዳ ጥቂቱ ጠፋ፤ የቀረውን ጥልፉ ሸፈነው። ቅርብ ሆኖ ላየው ግራው ላይ ትንሽ ምልክት ነበረች። ይመኙሻል ለስንዱ አሳየቻት፤ ስንዱ ግን ጉንጯን ስማት ቀሚሱን ለበሰችው።

እንግዶቹ ምሳ በልተው አዝማሪው ማሲንቆውን ሲቃኝ ስንዱ ወጣች። መጀመሪያ በዝግታ ነበር። ከዚያ ዜማው ሲፈጥን ሁለቱን እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ትከሻዋን ለቀቀችው። ያ የማር ቀለም ሳቲን ትከሻዋ ላይ እንደ ውሃ ሲርገበገብ ድንኳኑ በእልልታ ተሞላ። እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ደግሞ የተሸበሸበ ነገር አልነበረም። ማንጠግቦሽ አጠገቤ ቆማ፣ "የወንድሜ ሚስት ናት የሰፋችው" እያለች ለማታውቀው ሰው ሁሉ ትናገር ነበር። እኔም እንባዬ መጣ። ይመኙሻልን ፈለግኋት፤ ድንኳኑ በር ላይ ምሰሶ ተደግፋ፣ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንዳለ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። እንደዚያ ቀን ቀና ብላ አይቻት አላውቅም።

ጭፈራው ረገብ ሲል የሙሽራው አጎት ወደ እማማ ጠጅቱ መጣ። "እማማ፣ ይህን ቀሚስ የት ነው ያሰፋችሁት? ባሕር ዳር ነው?"

"እዚሁ ነው" አሉ እማማ ጠጅቱ። ይመኙሻልን በእጃቸው ጠርተው ትከሻዋን ያዙ። "ይቺ ናት፤ ምራቴ።"

"በረንዳው ላይ ስትተረትር ያየናት?" አለ ሰውየው። "እኛማ ስንገባ አይተናት፣ የሙሽሪት ቀሚስ በድግሷ ቀን ተበላሸ ብለን አፍረንላችሁ ነበር።"

እማማ ጠጅቱ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"እናንተ አፈራችሁ እንጂ እሷ አላፈረችም፤ ልጄ፣ ሲተረትር ያላፈረ፣ ሲሰፋ ከበረ።"